ለእርስዎ የሚጠቅም

ስንቅነሽ ጠዋት ፊቷን ከመታጠቧ በፊት ገጿን ታያለች፤ ውሃ መኖር አለመኖሩን የሚነግራት ገጹ ነውና። አዳማ ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። ስልኩን ከፍቶ «ለእርስዎ የሚጠቅም» ከሚለው ሥር መንግሥት ለዚያ ቀን ይበጀዋል ያለውን መረጃ ያነብባል። ውሃ መቼ እንደሚመጣ፣ የትኛው መንገድ በሙቀት ምክንያት እንደሚዘጋ፣ የጉልበት ሐኪም በየትኛው ሳምንት እንደሚያየው ይነገረዋል። ለእሱ የማይጠቅመው አይመጣለትም። ለጎረቤቱ የሚጠቅመው ለጎረቤቱ ይሄዳል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ስንቅነሽ ልጅ ሳለች ሰው አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ከቀበሌ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሲመላለስ ጫማው ያልቅ ነበር። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ተመለሱ» የሚባለውን የዛሬ ወጣት ቢነግሩት ተረት ይመስለዋል። ቀጥሎ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የየራሱን ድረ ገጽ ከፈተ፤ ሰውም እግሩን አሳርፎ በጣቱ መንከራተት ጀመረ። በመጨረሻ ሁሉም ተጠቃሎ አንድ ገጽ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ከአናቱ የመፈለጊያ ሳጥን ነበረው። ኋላ ገጹ ሰው ሳይጠይቀው ቀድሞ ማወቅ ሲጀምር፣ የሚጽፍበት ጠፋ ተብሎ ሳጥኑ ተነሳ። ማንም አልተቆጣም። አብዛኛው ሰው መነሳቱንም ልብ አላለም።

ደግሞ አይሳሳትም። ባሏን ደርበውን ጉልበቱን ገና ሳያመው ወጌሻ ዘንድ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ሂድ ብሎታል። ከጓሮ ያለችው ሙሽራ ማርገዟን ሳታውቅ ስለ ወሊድ ፈቃድ አንብባለች። ሰዉ መጀመሪያ ይገረም ነበር፤ አሁን ግን ይዘጋጃል።

በዚያ ሰኞ ጠዋት ከውሃው ተራ በላይ አዲስ ርዕስ መጥቶ ነበር። «የቤተሰብ አባል በሞት ላጡ ዜጎች የሚሰጡ አገልግሎቶች» ይላል።

ስንቅነሽ ርዕሱን አንድ ጊዜ አነበበችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ከጠረጴዛው ማዶ ደርበው ጨጨብሳውን በማንኪያ እየጎረሰ ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ?» አላት።

«ምንም። ውሃ ከሰዓት ነው አሉ።»

«ይሄ ነገር ጨው አንሶታል።»

«ይብቃህ ጨው።»

ደርበው ቀና ብሎ አያትና መጉረሱን ቀጠለ። እሷ እንባዋ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተኝቶበት እንዳደረ ክንድ ደንዝዟል፤ ብትቆነጥጠውም አይሰማትም። ሳህን ልታጥብ ተነሳች። ውሃ አለመኖሩን ያስታወሰችው ሳሙናውን ከቀባች በኋላ ነው።

ርዕሱን ገልጣ ሥሩን ማንበብ አላሰበችም። እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። ሰው መርዶውን ብቻውን አይሰማም፤ በማለዳ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው የሚረዳው። ገጹ ከመጣም በኋላ ሰዉ ወጉን አልጣለም። የሐዘን ርዕስ የመጣበት ሰው ስልኩን ይደፋል፣ ለማንም አይናገርም፣ ቀኑን ይጠብቃል። ድንኳን ከተተከለ በኋላ የእድር ሰዎች ከግራና ከቀኝ ተቀምጠው ዝርዝሩን አብረውት ያነባሉ። ብቻውን ያነበበ ሰው ልቡ ደረቅ ነው ተብሎ ይታማል። የሌላ ሰው ገጽ ማየት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነውር ነው፤ ባልና ሚስት እንኳ አይተያዩም።

የሚሞተው ማን እንደሆነ ለማወቅም ማንበብ ያስፈለጋት አልመሰላትም። ያላት ቤተሰብ ደርበውና አንድ ልጃቸው ናሁሠናይ ናቸው። ናሁሠናይ ሎጊያ በረሃ ውስጥ ሜዳውን በሞላው የሶላር ማሳ ላይ ጥገና ይሠራል፤ ጉንፋን እንኳ ዞር ብሎ የማያየው ጎረምሳ ነው። ደርበው ግን ሰባን አልፏል፣ ደም ግፊት አለበት፣ ከባቡር ጥገና ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሰበብ ፈልጎ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ለአርባ ዓመት ሦስተኛ ክፍል ያስተማረች ሴት ይህን ለመደመር ወረቀት አያስፈልጋትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደርበውን መጠበቅ ሥራዋ ሆነ። መሰላሉን ከግቢው አውጥታ ለሙሽራዋ አዋሰቻት። ከምግቡ ጨው አነሳች፣ ቀጥሎ ቅቤ፣ ቀጥሎ በርበሬ። ሽንት ቤት ሲገባ በሩን እንዳይቆልፍ ነገረችው። ወንበር ይዛ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ሊወጣ ሲል አብራው ትነሳለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ አታዝንም፣ አትፈራም። እንደ ፈተና ጠባቂ መምህር ዓይኗ ብቻ ይዞራል።

የገረማት የደርበው ዝምታ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰፈሩን በጩኸት ያናውጠው ነበር። አሁን የሰጠችውን ይበላል፣ ተቀመጥ ስትለው ይቀመጣል። ማክሰኞ ማታ እንዲያውም እግሯ አቧራ ነክቶት አየና ውሃ በመታጠቢያ አምጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ አጠባት። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ሰውየው እየሄደ ነው አለች በልቧ። የሚሄድ ሰው ይለሰልሳል ሲባል ሰምታለች።

በሦስተኛው ቀን ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ የእድሩን ዳኛ ጋሽ ጉደታን ግቢያቸው ውስጥ አየቻቸው። ትልቁን ድንኳን ሣሩ ላይ ዘርግተው በመጥረጊያ ያራግፋሉ።

«ደህና አደሩ፣ ጋሽ ጉደታ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህቴ። ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል?»

«አይ፣ እቸኩላለሁ።» ድንኳኑን አየች። «ዝናብ ነካው እንዴ?»

ሽማግሌው መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ዓይኗን ላለማየት ብዙ ነገር አዩ፤ ሰማዩን፣ ካስማዎቹን፣ የራሳቸውን ጫማ።

«ገጼ ድንኳን አናፍስ አለኝ፤ አናፈስኩ።»

«ለማን ነው አላለዎትም?»

«ለእኔ የሚጠቅመኝ ድንኳኑ ነዋ! ማን የሚለው ምን ይሠራልኛል?» አሉ ጋሽ ጉደታ። ወዲያው በአነጋገራቸው የደነገጡ መሰሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስንቅነሽ፣ ነገሩን ታውቂዋለሽ። እኛ አለንልሽ። ቀኑ ሲደርስ በወጉ እንመጣለን። እስከዚያ ግን አፍ አይከፈትም፤ አንቺም አትክፈቺ። ብዪ፣ እህል ቅመሺ።»

ዳቦውን ሳትገዛ ተመለሰች። ስትመለስ ደርበው መሰላሉን ከሙሽራዋ ቤት አስመልሶ ጣሪያው ላይ ወጥቷል። የውሃ ታንከሩ ያፈሳል አለ ከላይ ሆኖ። እሷ ከታች መሰላሉን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። ስልኳ የጮኸው በዚህ መሃል ነው። በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ አነሳችው።

«እማዬ!» የናሁሠናይ ድምፅ እንደ ልማዱ ሳቅ ሳቅ ይላል። «ስሚ፣ ገጼ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ባዶ ሆነብኝ።»

«ምን ማለት ነው ባዶ?»

«ነጭ ነዋ! ‹ለእርስዎ የሚጠቅም› ይላል፣ ከሥሩ ምንም የለም። የውሃ ተራ የለ፣ የመኪና ሰዓት የለ። ልጆቹ መንግሥት ረስቶሃል እያሉ ይስቁብኛል።»

«ተበላሽቶ ይሆናል። ዘግተህ ክፈተው።» ከላይ የደርበው እግር ቆርቆሮው ላይ ሲንሸራተት ሰማች። «ቀስ በል! ቀስ!»

«ማንን ነው?»

«አባትህን ነው። ጣሪያ ላይ ነው።»

«እሱማ ካልወጣ ያመዋል። እማዬ፣ ለአንድ ሳምንት ወደ ቤት ልምጣ ብዬ አስቤ ነበር። ነገ ጠዋት የሚነሳ መኪና አይጠፋም፤ ገጹ አልነገረኝም እንጂ።»

ስንቅነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ልጁ ቢመጣ ፊቷን ያነብበዋል። አባቱን አቅፎ ሲስቅ ማየት አትችልም፤ ከመርዶው በፊት ማወቅ ደግሞ የለበትም። «አሁን አትምጣ» አለችው። «ቤቱ እየታደሰ ነው። አቧራ ነው። በኋላ እኔው እጠራሃለሁ።»

«እሺ፣ ግን ገጹን...»

«ናሁዬ፣ አሁን አልችልም። መሰላል ይዣለሁ» ብላ ዘጋችበት።

ደርበው በሰላም ወረደ። ላብ አጥምቆታል። ስለ ልጁ ደኅንነት ጠየቃት፤ ደህና ነው አለችው።

በማግስቱ ምሳ በልተው ደርበው ሶፋው ላይ ሸለብ አደረገው። አፉ ትንሽ ተከፍቷል። ስንቅነሽ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየች ተቀመጠች። ስልኩ ከኪሱ ሾልኮ ትራሱ ጎን ወድቋል፤ ብርሃኑ ገና አልጠፋም። ነውር መሆኑን እያወቀች እጇን ሰደደች። ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው ማወቅ ፈልጋ ነበር፤ እውነቱ ይሄ ነው። መጠበቁ ደክሟት ነበር።

የደርበው ገጽ ሙሉ ነው። የሚቀጥለው ወር የውሃ ተራ አለ። የጉልበት ሕክምና ቀጠሮው ለኅዳር ተይዟል። መነጽሩን በመጪው ዓመት መስከረም እንዲቀይር ይመክረዋል። ዝቅ ብላ ሦስት ዓመት ቆይቶ ስለሚታደስ የጡረተኛ መታወቂያ አነበበች። ገጹ ይህን ሁሉ ለሚሞት ሰው አይነግርም። የሚሞት ሰው ምን ያደርግለታል?

ሳቅ መጣባት፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ወደ ላይ መለሰችውና ከሁሉ በላይ ያንኑ ርዕስ አየች። «የቤተሰብ አባል በሞት ላጡ ዜጎች የሚሰጡ አገልግሎቶች»።

ሳቁ ቆመ። ለደርበው ይህ ገጽ ሙሉ ነው፤ ለእሷም ሙሉ ነው። ባዶ ነው ያላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም መሰላል ይዣለሁ ብላ ዘግታበታለች።

«አየሽው?» አለ ደርበው። ዓይኑን ከፍቶ እያያት ነው።

«የአንተም ላይ አለ።»

«ሰኞ ነው የመጣው።» ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ። «ስንቄ፣ እኔ አንቺን መስሎኝ ነበር። አንቺን ላስከፋሽ አልፈለግሁም። መሰላሉን ስትወስጂ ዝም ያልኩት፣ ያንን ጨው የሌለው ወጥ የበላሁት...» ንግግሩን አልጨረሰውም። «የአንቺም ላይ አለ ማለት ነው?»

«አለ። እኔ ደግሞ አንተን መስሎኝ ነበር።» ድምፅዋ የተማሪ ስም ስትጠራ እንደነበረው ነው፤ ከፍም ዝቅም አይልም። «ናሁ ትናንት ደውሎ ገጼ ባዶ ነው አለኝ።»

ደርበው ስልኩን ከእጇ ተቀበለ። ከውጭ የጋሽ ጉደታ ሰዎች ካስማ ሲያወርዱ ይሰማል፤ ብረት ከብረት ይጋጫል።

«እናንብበው» አለች ስንቅነሽ።

«እድሩ ሳይመጣ?»

«ሁለት ነን። ብቻችንን አይደለንም።»

ጎን ለጎን ተቀምጠው ርዕሱን ነኩት። ዝርዝሩ ረጅም ነው። የሐዘን ፈቃድ፣ የመቃብር ቦታ፣ የድንኳን መትከያ መንገድ። ዝቅ ሲሉ «አስከሬን ከሎጊያ ለሚያነሱ አሽከርካሪዎችና ቤተሰቦች» የሚል አገኙ። ሎጊያ የሚለው ቃል ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ተቀምጦ ነበር። አንድ ጊዜ በጣቷ ገፋ ብታደርገው ኖሮ ታየዋለች። ስንቅነሽ ይህን አወቀች፤ አውቃም አስቀመጠችው። አሁን ጊዜ የላትም።

ከሥሩ የተጻፈውን ደርበው እየተንተባተበ አነበበው። ከነገ ጎህ ጀምሮ በአካባቢው የሙቀት እገዳ ስለሚጸና እስከ ዓርብ ማታ ማንኛውም መኪና አይንቀሳቀስም። የሠራተኞች መኖሪያ መብራትም ውሃም አይኖረውም። የምዕራቡ የውሃ ጣቢያ ፈርሷል፣ ወደዚያ አይሂዱ። ለመጠለል የሚቻለው ከመሬት በታች በተሠራው የምሥራቁ ጣቢያ ብቻ ነው፤ ውሃ አለው፣ በሩ ያለ ቁልፍ ይከፈታል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብቻ ይጓዙ። አስከሬኑን የሚረከቡት ቅዳሜ ጠዋት ከምዕራቡ ጣቢያ ነው።

ስንቅነሽ በራሷ ስልክ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ።

«እማዬ? አቧራው አለቀ?»

«የት ነህ?»

«መኖሪያው ውስጥ። ሰው ሁሉ ዛሬ ጠዋት ጥሎኝ ሄደ። ተኝቼ ስነሳ አንድ ሰው የለም፣ መኪናዎቹም የሉም። የሆነ ነገር ተነግሯቸው ይሆናል። ምዕራቡ ጣቢያ ተሰብስበው ነው መሰለኝ፣ ሁልጊዜ እዚያ ነው የምንሰበሰበው። ጎህ ሲቀድ በእግሬ ልሄድላቸው ነው።»

ደርበው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ስንቅነሽ በሌላው እጇ ትከሻውን ያዘችው። ልጇን ልትነግረው ሞት የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም፤ ለሰው የራሱን መርዶ የሚነግር የለም፤ እንዲህ ያለ ወግ ማንም አላወጣም። የምታውቀው ሌላ ነገር ነው።

«እስክሪብቶ አለህ?»

«ለምን?»

«የቃል ጽሕፈት ነው። ጻፍ።»

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ሳቀ።

«ናሁሠናይ ደርበው፣ ጻፍ አልኩህ።»

ሳቁ ቆመ። የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። «ካርቶን አግኝቻለሁ። በዪ።»

አንድ በአንድ አጻፈችው፤ ሦስተኛ ክፍል እንደምታጽፈው፣ ቃሉን ሁለት ጊዜ እያለች፣ መሃል ላይ እያረፈች። ወደ ምዕራቡ ጣቢያ አልሄድም። ወደ ምዕራቡ ጣቢያ አልሄድም። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ዛሬውኑ፣ ወደ ምሥራቁ እሄዳለሁ። ያለውን ውሃ ሁሉ እይዛለሁ። በሩ ያለ ቁልፍ ይከፈታል። እስከ ዓርብ ማታ አልወጣም። ደርበው ከፊቷ ስልኩን ይዞ መስመሩን በጣቱ ይከተልላታል። ጣቱ ቅዳሜ የሚለው ላይ ሲደርስ ሸፈነው።

«ይሄን ሁሉ ከየት አገኘሽው?» አለ ናሁሠናይ።

«ከመንግሥት ገጽ።»

«ለእኔ ምንም አላለኝም እኮ።»

«ለእኛ ብሎናል።»

የሚያስብ ልጅ ነው፤ ትንሽ ሆኖም እንዲሁ ነበር። «ከታች ሌላ ምን ይላል?» አላት፣ ድምፁ ቀንሶ።

«ሌላ የለም። ያጻፍኩህን አንብብልኝ።»

አነበበ። አንድ ቦታ ዘለለ፤ እንደገና አስነበበችው። ከዚያ ስልኩን እንዳይዘጋ አዘዘችው። ባትሪውን ከሶላሩ ላይ እየሞላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እየሄደ፣ ሲደርስም እንዲያወራት ነገረችው። መሰላል የለም አሁን፤ አልዘጋብህም አለችው። እሱ ይህን አልተረዳውም፤ እሺ አለ ግን።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ጉደታ ናቸው፤ ከኋላቸው ድንኳኑን ተሸክመው የቆሙ ሰዎች ይታያሉ። ደርበው ሄዶ በሩን ገርበብ አደረገ።

«ጋሼ፣ ገና ነው» አላቸው።

«ገጼ ዛሬ ተዘጋጅታችሁ እደሩ ብሎኛል፣ ወንድሜ።»

«ገና ነው አልኩ። ልጄ ስልክ ላይ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ውስጥ አዩ። ስንቅነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ሰዎቹ ሸክማቸውን ግድግዳው ጥግ ቀስ ብለው አኖሩና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። አልሄዱም፣ አልተከሉምም። ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚነግራቸው አልነበረም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ናሁሠናይ መነሳቱን ተናገረ። በስልኩ ውስጥ እርምጃው ጠጠር ሲረግጥ ይሰማል። ትንፋሹ ይሰማል። ስንቅነሽ ውሃ ያዝክ አለችው፤ ያዝኩ አላት። ሙቀቱ እንዴት ነው አለችው፤ ገና ነው፣ ይቀላል አላት። እንዳልቀለለ ከድምፁ አወቀች።

ደርበው ገጹን እንደያዘ ነበር። ድንገት ወደ እሷ አዞረላት። የሐዘኑ ርዕስ እንዳለ አለ። ከሥሩ ግን ቀድሞ ያልነበረ መጥቷል፤ «በሙቀት የተጎዳ የቤተሰብ አባልን በቤት ውስጥ ስለ ማስታመም» ይላል።

ሁለቱም አዩት። ገጹ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲያስብ አይተው አያውቁም። ስንቅነሽ ደስ እንዲላት ጠበቀች፤ ደስታውም እንደ እንባው አልመጣም። ደረቷ ውስጥ ያለው ያ ክንድ ገና ደንዝዟል፤ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ብቻ እንደ መርፌ ወጋት።

«የቱን ላንብብ?» አለ ደርበው በሹክሹክታ።

«ሁለተኛውን» አለች። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ በመካከላቸው አስቀመጠችው። «ጮክ ብለህ፣ ይስማን።»

ደርበው መነጽሩን አስተካክሎ ማንበብ ጀመረ። ተጎጂውን በጥላ ሥር ያስተኙ። ልብሱን ያላሉ። ውሃ ጥቂት በጥቂት ይስጡት። ከወዲያ ማዶ፣ ከጠጠሩ ድምፅ ጋር፣ ናሁሠናይ እያለከለከ አባቱን ተከትሎ ቃል በቃል መድገም ጀመረ።